የብርድ ልብሱ ወረቀት

ባለፈው ሳምንት ደሴ ውስጥ አንድ ትልቅ ሱቅ ስገባ፣ አንዲት ወጣት ሻጭ ሳልጠይቃት እጄን ይዛ ቅባት ቀባችኝ።

«እትዬ፣ ሠላሳ ቀን በነፃ ይሞክሩት! እዚህች ጋ ብቻ ይፈርሙልኝ።»

ቅባቱ የጽጌረዳ ሽታ ነበረው። ለእኔ ግን የሸተተኝ ጭስ ነው።

ልጅ ሳለሁ፣ ከአብዮቱ በፊት፣ መካነ ሰላም የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። በልጉ ሁለት ዓመት አከታትሎ ከድቶን፣ ቤታችን የቀረው አንድ ስልቻ የዘር ገብስ ብቻ ነበር። እናቴ በረሃብና በሳል እየደከመች እንኳ የስልቻውን አፍ አልፈታችውም።

አንድ ቅዳሜ ከአባቴ ጋር በገበያው ስናልፍ፣ አንድ ባለሱቅ ከደጁ ወጥቶ ግራጫ ብርድ ልብስ ትከሻዬ ላይ ጣለብኝ።

«አያ መኮንን፣ እያት እስቲ፣ ሙሽራ መሰለችኮ!»

«እንኳን ብርድ ልብስ፣ የምንቀምሰውም የለን።»

«ማን ግዛ አለህ? ስምንት ቀን በነፃ ልበሱት፤ ካልወደዳችሁት መልሱት። ሚስትህ ታማለች አሉ።»

አባቴ ጨርቁን ደጋግሞ ዳሰሰው። ባለሱቁ ወረቀት ሲያወጣ አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ ተማሪዋ፣ ምን ይላል?»

በጉልህ የተጻፈውን ጮክ ብዬ አነበብኩ፦ «ስምንት ቀን በነፃ!» አላፊ አግዳሚው ዞር ብሎ አየን፤ የአባቴ ፊት በኩራት በራ። ከሥሩ ደቃቅ ጽሑፍ ነበር። አይቼዋለሁ። ያን ፊት ላለማጣት ስል ግን እዚያው ላይ አቆምኩ። አባቴ አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ አተመ።

በስምንተኛው ቀን አጣጥፈን ስንመልስ፣ ባለሱቁ ሳይዘረጋው ወደ አፍንጫው አስጠጋው።

«ጭስ ገብቶታል። ጭስ የነካው አይመለስም። ብር ከሌለህ የዘር ገብስህን አምጣ።»

«ደጋ ላይ ጭስ የማይገባው ቤት የቱ ነው?» አለ አባቴ።

እውነቱን ነበር። ሁላችንም በአንዲት ጎጆ፣ በምድጃው ዙሪያ ነበር የምናድረው፤ ባለሱቁም ይህን ያውቃል።

«ይህ ተጽፏል?» ብሎ አባቴ ጠየቀኝ። ደቃቁን ጽሑፍ አነበብኩለት። አልተቆጣኝም።

ገብሱ በሄደ በሦስተኛው ሳምንት ዝናብ ጣለ። ዘር የተረፋቸው ጥቂት ጎረቤቶች ሲዘሩ፣ የእኛ ማሳ አረም አበቀለ። አባቴ ሥራ ፍለጋ ወደ ሁመራ ወርዶ በዚያው ቀረ። እናቴም ክረምቱን አልተሻገረችም። በኋላ አብዮቱ መጥቶ የሰውየው ሱቅ ታሸገ፤ ለእኛ ግን የመለሰልን ነገር አልነበረም።

«እትዬ፣ ነፃ እኮ ነው!» አለች ሻጯ።

መነጽሬን አድርጌ ወረቀቱን እስከ መጨረሻዋ ደቃቅ መስመር አነበብኩት። ከዚያ ቀና አልኩ። የማነብለት ሰው አልነበረም።