የኩሪ ማር

ስምንት ዓመቴ ነበር። ከወሎ በሰፈራ የመጡት ወላጆቼ ባምባሲ አጠገብ በቆሎ ያርሱ ነበር፤ ዝንጀሮና ከርከሮ የምታባርርልን ደግሞ ኩሪ የምትባል ቀይ ውሻችን ነበረች። አባቴ «ከሁለት ጎረምሳ እሷን አምናለሁ» ይል ነበር።

ክረምቱ መሀል ላይ ኩሪ ጎተራ ሥር አራት ቡችሎች ወለደች። ከወለደች በኋላ ግን እህል እምቢ አለች። ፍትፍት ስናቀርብላት አሽትታ ፊቷን ታዞራለች። ጡቷ ደረቀ። ቡችሎቹ ሲንጫጩ እኔም እርጥብ አፈርና የውሻ ጠጉር በሚሸተው ጎተራ ሥር ተጋድሜ አብሬያቸው አለቅስ ነበር።

«ተነሽ አንቺ! ለእኔስ ሞት እንዲህ ታለቅሺ ይሆን?» ትለኛለች እናቴ። እሷም ግን ዞር ብላ ከንፈሯን ትመጥጣለች።

ልቅሶዬን የሰሙት ጎረቤታችን አባ ሐሚድ ናቸው። የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናቸው፤ የቀርቀሃ ቀፎ ዛፍ ላይ የሚሰቅሉ፣ ልብሳቸው ጭስና ሰም የሚሸት ሽማግሌ። በአማርኛቸው ወንዱም ሴቱም «አንተ» ነበር። ኩሪን ቆም ብለው አዩዋትና ሄዱ፤ ከዚያ በቅል ማር ይዘው ተመለሱ።

«ኧረ አባ ሐሚድ፣ ማር ለውሻ? ከለመደች እኮ ቀፎዎን ነው የምትገለብጠው!» አለች እናቴ።

«ዛፍ ከወጣ፣ ይብላ!» ብለው ሳቁ። ወደ እኔ ዞረው «አንተ፣ ለብ ያለ ውሃ አምጣ» አሉኝ።

ጥቂት ማር በውሃው በጠበጡ። ለሶላት ስለሚጠነቀቁ የውሻ ምራቅ አይነኩም፤ በቀርቀሃ ስንጣሪ ጫፍ ትንሽ ማር ለቅልቀው ሰጡኝና ራቅ ብለው ተቀመጡ። የኩሪን ከንፈር ቀባሁላት። መጀመሪያ ዝም። ኋላ ምላሷ ብቅ አለ።

ደስታው ልቤን ነሳኝ። የሰው ልጅ ሲወለድ ቅቤ ይልስ የለ? ለቡችሎቹም ላስልሳቸው ብዬ ጣቴን ቅሉ ውስጥ ስሰድ አባ ሐሚድ ጮኹ።

«ተው! ትንሽ ልጅ ማር አይበላም! እናቱ ይብላ፣ ልጁ ጡት ይጠባ። እናቱም ትንሽ ትንሽ፤ ብዙ ከበላ ሆዱ ይሄዳል።»

ማታ ላይ ኩሪ ብጥብጡን ጨረሰችው፤ በማግስቱ ፍትፍቱን ቀመሰች፤ ውላ አድራ ወተቷ መጣ። ማሩ ይሁን የእሷ ብርታት እስካሁን አላውቅም። አራቱም ቡችሎች ግን ዓይናቸውን ገለጡ።

ዛሬ አሶሳ ከተማ ነው የምኖረው። በቀደም ልጄ ለውሻችን ማር ይስማማት እንደሆነ ሲጠይቀኝ፣ የእንስሳት ሐኪም የሆነችውን ጎረቤታችንን ጠየቅናት። ለጤነኛ ትልቅ ውሻ ጥቂት ማር አይጎዳም፤ ለቡችላና ስኳር ላለበት ግን አይሰጥም አለችን። አሁን ማሩ በየሱቁ በባልዲ ተደርድሯል፤ ለታመመ የጎረቤት ውሻ ብሎ ቅል አንጠልጥሎ ደጅ የሚመጣ ሰው ግን ብዙም አላይም። አባ ሐሚድን አፈሩ ይቅለላቸው፤ ያን ክረምት ያለቀስኩት ልቅሶ በሳቅ ያለቀው በእሳቸው ነው።

ቡችሎቹ ጡት ሲጥሉ እናቴ ደህናውን መረጠች። የአባ ሐሚድን ማሽላ ከርከሮ እየፈጀባቸው ነበርና፣ ቡችላውን በሳሙና አጥባ፣ በነጠላዋ አድርቃ፣ በቅርጫት አድርጋ ራሷ ወሰደችላቸው።