ጎሚስታ ያየው ሳንባ

አዳማ ላይ ጎማ መጠገን ማንም አላስተማረኝም፤ በራሴ ነው የተማርኩት፣ እንደኔም የሚያውቅበት የለም። ከመነዳሪውን፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ አየር ሞልቼ ውሃ ውስጥ እነክረዋለሁ፤ ቡልቅ ቡልቅ ያለበት ቦታ ቀዳዳው እዚያ ነው። በእኔ ሙያ የተነፈሰ ነው የታመመ፣ በሐኪሞቹ ሙያ ያልተነፈሰ።

መቂ አስተማሪ የሆነችው የሃያ አራት ዓመት ልጄ ክፍል ውስጥ ትንፋሽ አጠራት። ሳንባዋ አየር አፍስሷል ተባለ። በጎኗ ቱቦ አስገብተው ጫፉን ወለል ላይ ባለ የውሃ ጠርሙስ ውስጥ ከተቱት። ተሻላት። ከወራት በኋላ ደገማት። አክታዋ ላይ ምንም ሳይገኝ "ቲቢ ሳይሆን አይቀርም" ብለው መድኃኒት አስጀመሯት። መድኃኒቱን ጨርሳ ገና ደስ ሳይለን ሦስተኛው መጣ፤ ቱቦውም ተመልሶ ገባ።

ያኔ አልጋዋ ስር ተንበረከክሁ። ጠርሙሱ ውስጥ አረፋ!

"ጋሼ፣ ምን ጠፋብዎት?" አለችኝ ወጣቷ ዶክተር።

"አየር። አገኘሁት ደግሞ።"

"አባዬ በናትህ አታሳፍረኝ!" አለች ልጄ።

"ዶክተርዬ፣ አንድ ጎማ ሦስቴ ከተነፈሰብኝ ሚስማር መፈለጌን እተዋለሁ። ላስቲኩ ራሱ ሳስቷል ማለት ነው። እስቲ ላስቲኩን እዪልኝ።"

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመችና ሲቲ ስካን አዘዘች። ባለቤቴ "ዶክተሯማ ካንተ በፊት ጠርጥራ ነበር" ትላለች፤ ቅናት ነው።

ፎቶው ላይ ሁለቱም ሳንባዎቿ በክብ ክብ፣ ግድግዳቸው በሳሳ የአየር ከረጢቶች ተሞልተዋል። ኩላሊቷ ላይም ትንሽ እጢ ተገኘ። ዶክተሯ አዲስ አበባ ካሉ አስተማሪዎቿ ጋር ተማክራ ጠራችን። ወጣት ሴቶችን የሚይዝ እምብዛም የማይገኝ በሽታ ነው፤ ስሙ ከተሳቢ መኪና ይረዝማል።

"ይድናል?" አልኩ።

"አይጠፋም ጋሼ። ግን እንዳይብስባት የሚያዘገየው መድኃኒት አለ።"

ልጄ ቀና አለች።

"ቲቢ አይደለም ማለት ነው?"

"አይደለም። ወደ ሰውም አይተላለፍም።"

"እሱን በወረቀት ይጻፉልኝ።"

ለካ ትምህርት ቤት ያሉት መምህራን የሻይ ብርጭቆዋን ለይተውባት ኖሯል። ለእኔ እንኳን አልነገረችኝም። ዶክተሯ ቁጭ ብላ ጻፈች፣ ፈረመች፣ ማኅተሙን አነሳች።

"ሁለቴ ምቺው" አልኳት።

ሁለቴ መታችው።