የካሉባ አባት ሀንዲካፕ

ባሌ ካፔምብዋ ሠላሳ አንድ ዓመት በማዕድኑ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራ። ብሎን ቆጥሮ ሰጠ፣ ቦት ጫማ ቆጥሮ ተረከበ። በእነዚያ ዓመታት አንድ ጓንት አልጎደለበትም ይባላል፤ እውነት ነው። ይህን ያህል ቆጠራ የሚያውቅ ሰው ጎልፍ ሜዳ ሲወጣ እስከ አምስት ቆጥሮ ስድስተኛውን ምት እንዴት እንደሚረሳው ግን ትዳራችንን ሙሉ ሲገርመኝ ኖሯል።

"ሀንዲካፔ አሥራ አራት ነው" ይል ነበር። ለፓስተሩ ይነግራል፣ ለጥርስ ሐኪሙ ይነግራል። ልጃችንን ካሉባን ሊጠይቁ ለመጡት ሽማግሌዎች እንኳ ገና ውሃ ሳይቀርብላቸው ነገራቸው። ሽማግሌዎቹ በሽታ መስሏቸው "እግዚአብሔር ይማርህ" አሉት። እሱም አመስግኖ ተቀበለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የከተማችን የሙሶሎ ጎልፍ ሜዳ በሰባ ሁለት ምት መጨረስ የሚገባ ሜዳ ነው። በሰባ ሁለት የሚጨርሰው ሰው ሙሶሎ ውስጥ ገና አልተወለደም። በሰማንያ ስድስት የሚጨርስ አሥራ አራት ምት አበዛ ማለት ነው፤ ያቺ የበዛችው ሀንዲካፑ ትባላለች፣ በውድድር ቀንም ትቀነስለታለች። ድክመትህን አስመዝግብና ምሕረት ውሰድ ነው የሚሉህ። እኛ ቤተ ክርስቲያን እንኳ በዚህ ፍጥነት አይምሩም።

የባሌ አሥራ አራት የተገኘችው ድሮ፣ በአንድ የገና ውድድር ነው። በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ተጻፈች፣ የሚያጠፋት ሰው አልመጣም። ቆማ የኖረችው ግን "ተሰጥቷል" በምትባል አንድ ቃል ነው። ኳስህ ከጉድጓዱ ጥቂት ሲቀረው አብሮህ የሚጫወተው ሰው "ተሰጥቷል" ይልሃል፤ እንደገባ ተቆጥሮ ታነሳዋለህ። ሌላ አገር ጥቂት ማለት አንድ ስንዝር ነው አሉ። እኛ ግን ሰው አክባሪዎች ነን። ለአማች ስንዝር መስጠት ስድብ ስለሚሆን ሦስት እርምጃ ይሰጠዋል። ለቀድሞ አለቃ አምስት። ፓስተሩ ከሆነ ኳሱ በጉድጓዱ ዙሪያ በሣር ፋንታ ከተነጠፈው በዘይት የታሸ ጥቁር አሸዋ ጫፍ ከደረሰ ይበቃል። ከባሌ እጅ ቦት ጫማ ያልተቀበለ ሰው ሙሶሎ ውስጥ የለምና የሱ ኳስ ጉድጓድ ሳይገባ ሃያ ዓመት ኖረ።

መከራው የመጣው የሙሶሎ ክለባችን የአውራጃው ጎልፍ ማኅበር አባል ሲሆን ነው። ባሌ ራሱ ነው ሁለቱንም እጁን አውጥቶ የደገፈው። ማኅበሩ በየዓመቱ በትልቁ ከተማ ክለቦችን ያጋጥማል፤ ከየክለቡ ስምንት ሰው፣ የክለብ ስም የተጠለፈበት ሸሚዝ፣ አውቶቡስ፣ ምሳ። ሀንዲካፑ በማኅበሩ መዝገብ ላይ ከአሥራ ስምንት ያልበለጠ ብቻ ይሄዳል። ስም የሚዘጋው በመስከረም የመጨረሻ ቅዳሜ።

"እኔ አሥራ አራት ነኝ" አለኝ ማታ የበቆሎ ገንፎ ንሺማውን እየጠቀለለ። "አራት ተርፎኝ ለሰው ላበድር እችላለሁ።"

ማኅበሩ ግን ሰሌዳና ጠመኔ አያውቅም። ካርድ ይፈልጋል፤ እያንዳንዱ ምት የተጻፈበት፣ እያንዳንዱ ኳስ ጉድጓድ የገባበት፣ ምስክር የፈረመበት። የክለቡ ጸሐፊ ቲቸር ሙኩካ ለአርባ ዓመት ሒሳብ ያስተማረች ሴት ናት፤ ግማሹ አባል በእጇ ተገርፏል። ካርድ አደለች። በሁለተኛው ሳምንት ማኅበሩ ሁሉንም መለሰው። ደብዳቤው ትሑት ነበር፦ በሙሶሎ ይህን ያህል ጎበዝ ተጫዋች መኖሩን ባለማወቃችን እናዝናለን፣ እባካችሁ እንደገና ቁጠሩ ይላል።

ቲቸር ሙኩካ አባላቱን ሰበሰበቻቸው።

"አማች ለአማች ፈርሟል። ታናሽ ለታላቅ ፈርሟል። አንዱ ደግሞ ለራሱ ፈርሞ የሚስቱን ስም ጽፏል፤ ስሙን አልጠራም፣ ግን ጆሮውን እያሻሸ ነው" አለች። "ከዛሬ ጀምሮ ቤምባ ለቤምባ አይፈርምም። ንጎኒም ለንጎኒ አይፈርምም። እያንዳንዱ ቤምባ አንድ ንጎኒ ይዞ ይወጣል።"

አዳራሹ ተንጫጫ። አያቶቻችን ተዋግተው ከታረቁ ወዲህ ሁለቱ ነገዶች፣ ቤምባና ንጎኒ፣ እንደ ልባቸው ይሰዳደባሉ፤ እኛን ቤምባዎቹን ዝንጀሮ በላ ይሉናል፣ እኛም አይጥ በላ እንላቸዋለን፤ የሚቀየም ሰው ካለ ነውረኛው እሱ ነው። ንጎኒ ለቤምባ ያዘነለት ቀን በታሪክ አልተመዘገበም።

"ቲቸር፣ ይሄ እኮ ጭካኔ ነው" አለ ባሌ።

"ቁጭ በል ካፔምብዋ። አንተ የጄሬ ነህ።"

ጄሬ የማዕድኑን አሳንሰር የሚነዳ ነበር፤ ስንቱን ሺህ ሰው ከመሬት በታች አውርዶ አውጥቶታል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ወፍራም መነጽር ያለው ሰው ነው። ከኋላ ወንበር ተነሥቶ ለባሌ እጅ ነሣ።

"አይዞህ፣ ዝንጀሮ በላ። በደንብ ነው የምቆጥርልህ።"

የመጀመሪያውን ዙር ባሌ ራሱ ነው የነገረኝ፣ ያንን ማታ። ሦስተኛው ጉድጓድ አጠገብ ትልቅ የምስጥ ኩይሳ አለ። ኳሱ ከሥሩ ገባ።

"ስንት?" አለ ጄሬ ካርዱን ይዞ።

"ስድስት።"

"ስምንት። ኩይሳው ሥር ሁለት ጊዜ ስትቆፍር ቆሜ ሳይህ ነበር። እራትህን የምትፈልግ መስሎኝ ላላቋርጥህ ብዬ ነው።"

"አንተ አይጥ በላ፣ መነጽርህን ጥረግ!"

"ጠርጌ ነው ያየሁህ። አሁን ስታወራ ዱላህ ኳሷን ነካ። ዘጠኝ ልበለው?"

ሦስት ካርድ ተሞላ፣ ማኅበሩ ደመረ፣ አካፈለ፣ መልስ ላከ። ሃያ ሦስት።

ባሌ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ አስቀመጠው።

"ሰው በአንድ ወር ዘጠኝ ይባባሳል?" አልኩት።

"እኔ አልተባባስኩም። ጄሬ ነው ያባባሰኝ።"

እንግዲህ ከሃያ ሦስት ወደ አሥራ ስምንት ጉዞ ተጀመረ። ከጓሮዬ የዱባ ቅጠል መደብ ላይ ሦስት ሜትር ወስዶ አሸዋ አፈሰሰበት፣ በተቃጠለ የሞተር ዘይት አሸው፣ መካከሉ ላይ የወተት ቆርቆሮ ቀበረ። ከቁርስ በፊት ሃምሳ፣ ከምሳ በኋላ ሃምሳ። ትዳር ስንይዝ የውሃ ቧንቧ እንዲያስተካክል የጠየቅሁት ሰው ነው፤ ቧንቧው ዛሬም ይንጠባጠባል። ማክሰኞና ቅዳሜ ከጄሬ ጋር ይወጣል፣ ተሰድቦ ይመለሳል። ሃያ ሁለት ሆነ። ሃያ አንድ ሆነ። በቁጥሩ ልክ ስድቡም እየተሻሻለ ሄደ፤ ጄሬ ቤት አጥንቶ ነው የሚመጣው ይል ነበር ባሌ፣ እንደ መመካት እያደረገው።

በሐምሌ ብርድ ከሆስፒታል ሌሎች ቁጥሮች ይዞ መጣ። የደም ቁጥሮች። እነዚያን ለፓስተሩም ለጥርስ ሐኪሙም አልነገረም። ወረቀቱን ከቁም ሣጥን ውስጥ ከሸሚዞቹ ሥር ከተተና "ቅዳሜ ነፋስ ካልበዛ ሃያ እገባለሁ" አለኝ። ገባም።

ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳ። ነሐሴ ላይ ሌላ በሳ። እኔ ሱሪውን ላጠብበው ስል "ጎልፍ ሰፊ ሱሪ ይወዳል" አለኝ። እሺ አልኩ።

የመስከረም የመጨረሻ ቅዳሜ ቲቸር ሙኩካ ጠዋት ሂሳቡን ሠርታ ነገረችው። "ዛሬ በሰማንያ ዘጠኝ ከገባህ ከቀደሙት ካርዶችህ ጋር ተደምሮ ተካፍሎ አሥራ ስምንት ነህ፣ አውቶቡስ ላይ ወንበር አለህ። በዘጠና ከገባህ አሥራ ዘጠኝ፣ ቤትህ ትቀመጣለህ።"

በዚያ ዕድሜና በዚያ ጤና በሰማንያ ዘጠኝ ገብቶ አያውቅም። እኔ የቀን መድኃኒቱንና ውሃ ይዤ ከመጨረሻው ጉድጓድ አጠገብ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ጥቂት አባላትም ነበሩ፣ ሰዓት እያዩ። ሲመጡ ከሩቅ አየኋቸው፤ ጄሬ የሁለቱንም ዱላ ተሸክሟል። ይህ በራሱ ጥሩ ምልክት አልነበረም።

ኳሱ ጥቁሩ አሸዋ ላይ ወጣ፣ ተንከባለለ፣ ከጉድጓዱ ክንድ የማይሞላ ሲቀረው ቆመ። ሰማንያ ስምንት ምት ተቆጥሯል። ጓሮዬ ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያስገባት ርቀት ናት። ባሌ ዱላውን ያዘ፣ ጎንበስ አለ። እጁ ተንቀጠቀጠ። ቀና አለ። እንደገና ጎንበስ አለ።

"ባ ካፔምብዋ" አለ ጄሬ እንደ ታላቅ አክብሮ ጠርቶት፣ ዝግ ብሎ። "ያንሱት። ተሰጥቷል።"

ባሌ ቀስ ብሎ ዞረ።

"ምን አልክ?"

"ተሰጥቷል አልኩ። ደክሞዎታል። ሰማንያ ዘጠኝ ብዬ እፈርማለሁ፣ እነዚህም አላዩም።"

ማንጎው ሥር ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ሌላ ቦታ ተመለከቱ። እኔም ውሃውን ተመለከትኩ።

"ደክሞዎታል?" አለ ባሌ። "ማንን ነው እርስዎ የምትለው?"

ጄሬ ካርዱን አየ።

"ስድስት ወር ሙሉ ዝንጀሮ በላ ስትለኝ ከርመህ ዛሬ እርስዎ? ማን ነገረህ? ሚስቴ ነገረችህ?"

"ማንም አልነገረኝም። ቀበቶህን አየሁት።"

"ቀበቶዬን ተዋትና ስደበኝ።"

"ተው እንጂ ካፔምብዋ።"

"ስደበኝ አልኩህ! ካልሰደብከኝ አልመታም። እዚህ ቆሜ አድራለሁ።"

ጄሬ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፣ ዓይኑንም አብሮ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

"አንተ... አንተ ዝንጀሮ በላ። ዱላ ነው የያዝከው ወይስ ወንፊት? ዱቄት ነው እንዴ የምትነፋው? አያቶችህም እንዲህ እየተንቀጠቀጡ ጦር ሲይዙ ነው የእኛዎቹ በሳቅ የወደቁት። ምታና ገላግለን፣ ቤት የጠበስኩት አይጥ ቀዘቀዘብኝ!"

"እንዲህ በለኝ" አለ ባሌ። ፊቱ በራ።

መታ። ኳሱ ቀጥ ብሎ ሄደ፣ የጉድጓዱን ከንፈር ዞረ፣ ከወዲያ ማዶ ወጥቶ ቆመ።

ባሌ ሄዶ አንዴ ነካ አድርጎ አስገባው። ዘጠና።

ጄሬ እስክሪብቶውን ካርዱ ላይ አድርጎ ቆመ፤ አይጽፍም።

"ጻፍ እንጂ። ዘጠና አጻጻፍ ጠፋህ? ዘጠኝ፣ ከዚያ ዜሮ። ዜሮዋን ክብ አድርጋት።"

ጄሬ ጻፈ። ፈረመ። ባሌም ፈረመ፤ ግምጃ ቤት ጫማ ተረክቦ እንደሚፈርመው፣ ስሙን ሙሉ አድርጎ።

አውቶቡሱ ያለ እሱ ሄደ። ሙሶሎ ተሸነፈች። እሱ ቢኖርም ትሸነፍ ነበር፣ ትንሽ ዘግይታ። ከዚያ በኋላ ሰው ሀንዲካፑን ሲጠይቀው "አሥራ ዘጠኝ፣ በማኅበሩ መዝገብ" ይል ነበር። ማንም አይጠይቀውም ነበር፤ ቢሆንም ይል ነበር። ሊጠይቁት የመጡትን ሰዎች አልጋው ላይ ሆኖ ያቺን ምት በእጁ እያሳየ፣ ኳሷ ከየት ወደ የት እንደ ዞረች ያስረዳቸዋል። ጄሬ ከወንበሩ ሆኖ "ዋሽቶ ነው፣ ግማሽ እንኳ አልዞረችም" ይላል።

የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ሳምንት አረፈ።

በቤተ ክርስቲያን የሚነበበውን የሕይወት ታሪኩን እኔ ነኝ የጻፍኩት። የተወለደበትን፣ የሠራበትን፣ የልጆቹን ስም ጻፍኩ። ጎልፉ ላይ ስደርስ "ሀንዲካፑ አሥራ አራት የነበረ" ብዬ ጻፍኩ። ስንት ዓመት የሳቅሁበት እኔው ነኝ፤ አንድ ቀን ብሰጠው ማን ይጎዳል ብዬ ነው።

ፓስተሩ በጥሩ ድምፅ አነበበው። "በጎልፍ ጨዋታም ሀንዲካፑ አሥራ አራት የነበረ..."

"ውሸት!"

ሰው ሁሉ ዞረ። ንጎኒዎች ቀብር ላይም አይተዉንም፤ ግን እስከዚያ ሰዓት አንዱም አፉን አልከፈተም ነበር። ጄሬ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በመጨረሻው ወንበር ላይ ቆሟል።

"አሥራ ዘጠኝ! እኔ ነኝ የፈረምኩት! ይሄ ዝንጀሮ በላ ሣጥን ውስጥ ተኝቶም አምስት ምት ሊሰርቀኝ ነው?"

ከጠዋት ጀምሮ ስታለቅስ የነበረችው የባሌ እህት ሳቋ አምልጧት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከዚያ ወንበሩ ሁሉ ሳቀ፣ ሬሳ ተሸካሚዎቹም፣ ቲቸር ሙኩካም። ፓስተሩ ግራ ገብቶት ወደ እኔ ተመለከተ።

"አሥራ ዘጠኝ ነው" አልኩት።

እስክሪብቶ ከኪሱ አውጥቶ አረመው። ጉሮሮውን ጠረገና ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና አነበበ። ጄሬ ቁጥሩ እስኪጠራ ድረስ ቆሞ ሰማ፣ ከዚያ ተቀመጠ።