ወንድሜ ቪየና የዋለበት እሑድ

ሐሙስ ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት ምስር ስለቅም፣ እትዬ ምንዳዬ ከሁለት የእድራችን ሽማግሌዎች ጋር ገቡ። ጎረቤቴ ናቸው፤ ሁልጊዜ ከደጅ ተጣርተው ነው የሚገቡት። ያን ዕለት አልተጣሩም። ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ። እትዬ ምንዳዬ ሰፌዱን ከጭኔ ላይ አንስተው መሬት አስቀመጡና፣ "ሆሳዕና፣ ወንድምሽ አረፈ" አሉኝ።

ደቅሲሳ ጅማ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ተሽሎታል ተብዬ ወደ መቱ ከተመለስኩ ገና ሁለት ቀኔ ነበር።

አስከሬኑ በበደሌ በኩል እስኪደርስ ድረስ አንድ ሥራ ሰጡኝ። መዝገብ ቤት ስለምሠራ፣ ከቀብር በፊት ቤተ ክርስቲያን የሚነበበውን የሕይወት ታሪኩን እንድጽፍ ታዘዝኩ። ጻፍኩት። ኖፓ ተወለደ፤ መቱ ተማረ፤ ያዮ ውስጥ በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የቡና ጥራት ተቆጣጣሪ ሆኖ ሃያ ሁለት ዓመት ሠራ፤ ሦስት ልጆች አፈራ። የገዛ አጎታችንን ቡና እርጥብ ነው ብሎ ከሚዛን ላይ እንደመለሰ አልጻፍኩም፤ ያንን አገር ሁሉ ያውቀዋል። "በ2011 ዓ.ም. ኦስትሪያ ሄዶ የጫካ ቡናችንን አስተዋወቀ" የሚለው ላይ ስደርስ እትዬ ምንዳዬ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር።

"እዚያም ሁንዴሳዬን ፈልጎ እንዳየልኝ ይግባልኝ" አሉ።

እሺ አልኳቸው። አልጻፍኩትም።

ሁንዴሳ የእትዬ ምንዳዬ አንድ ልጅ ነው። በሱዳን በኩል ወጥቶ ብዙ ከተንከራተተ በኋላ ቪየና ገባ። መጀመሪያ ላይ ይደውል ነበር። ከዚያ ፎቶ በፖስታ ላከ፤ ከፖስታው ጀርባ አድራሻው ነበረበት። ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ዝም አለ፤ ስልኩም አይሠራም። ወንድሜ ለቡና ኤግዚቢሽን ቪየና እንደሚሄድ ሲሰሙ እትዬ ምንዳዬ ያንን ፖስታ በላስቲክ ጠቅልለው ይዘው መጡ። ምንም እንዲያደርስላቸው አልፈለጉም። አይቶ እንዲመጣ ብቻ ነበር የለመኑት።

ኤግዚቢሽኑ ሦስት ቀን ፈጀ። የቀረችው አንዲት እሑድ ነበረች፤ ሰኞ ጎሕ ሲቀድ አውሮፕላን ነው። ለዚያች እሑድ ጋባዦቹ ከልዩ ልዩ አገር ለመጡት ገበሬዎች የከተማ ጉብኝት አዘጋጅተውላቸዋል። አስተርጓሚው ፋኦል የሚባል እዚያ የሚማር የነቀምቴ ልጅ ነበር። አድራሻውን አይቶ ሩቅ አይደለም፣ ከመሬት በታች በሚሄደው ባቡር ሩብ ሰዓት ነው አለው። ጉብኝቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሲያልቅ አብረው ሊሄዱ ተስማሙ።

ወሩ ጥር ነበር፤ በመንገዱ ዳርና ዳር በረዶ ተጠርጎ ተቆልሏል። አስጎብኚዋ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት፤ ቀይ ጃንጥላ ከፍ አድርጋ ትይዛለች፣ እነሱም ጃንጥላውን ይከተላሉ። የነገሥታቱን ግቢ አዩ። ነጫጭ ፈረሶች የሚያድሩበትን ሕንፃ ሲያዩ ፋኦል፣ "ጋሼ ደቅሲሳ፣ እኔ ካለሁበት ዶርም የእነሱ ይሞቃል" አለው። ወንድሜ ሳቀ እንጂ ልቡ ሰዓቱ ላይ ነበር። ቀጥሎ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ደረሱ። በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም የተሠራ መሆኑን ሲሰማ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ተሳለመ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ።

ፋኦል እዚህ ጫማ አይወለቅም ቢለው አልሰማውም። ሌሎቹ በጫማቸው ሲገቡ እያየ ነበር፤ የእነሱ ጉዳይ ነው አለ። ለጉዞው ብሎ የገዛውን ጥቁር ጫማ ጎን ለጎን አድርጎ በሩ አጠገብ ግድግዳ ሥር አኖረ። በገባበት በር የሚወጣ መስሎት ነበር።

ውስጡን ካዩ በኋላ አስጎብኚዋ ወደ ምድር ቤት ይዛቸው ወረደች። እዚያ በወረርሽኝ ያለቁ ሰዎች አጥንት አለ። እሱ ሲነግረኝ፣ አጥንቱ እንደ ማገዶ ተደርድሯል፣ የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም አለ። ወለሉ ብርድ ነበር፤ በካልሲው ቆሞ አንድ አባታችን ሆይ አደረሰ። ሲጨርስ ጃንጥላው ርቆ ሄዷል። ተሯሩጦ ደረሰባቸው፣ በሌላ ደረጃ ወጡ፣ ደረጃው ሲያልቅ ደጅ፣ አደባባዩ ላይ ነበሩ።

ቤተ ክርስቲያኑን በካልሲው ዞሮ ወደ መጀመሪያው በር ሄደ። ጫማው የለም። ፋኦል በር ላይ የቆመውን ሰውዬ ጠየቀለት፤ ሰውዬው መጀመሪያ ጥያቄው አልገባውም፣ ቀጥሎ ለምን አወለቀው ብሎ ጠየቀ። ከጓዶቹ አንዱ ፎቶ አነሳው። በክፋት አልነበረም፤ ሁሉም ይስቁ ነበር፣ እሱም አብሮ ሳቀ። ጫማ እንዳይገዛ እሑድ ነው፤ ሱቁ ሁሉ ዝግ። የፋኦልን እንዳያጠልቅ እግሩ አይገባም።

በታክሲ ወደ ሆቴሉ ተመለሱ። ፋኦል ብዙ ለመነው። በታክሲ እስከ በሩ እንሂድ፣ ማንም አያይዎትም አለው።

"እናቱ የላኩኝ ሰው ነኝ" አለ ወንድሜ። "በካልሲ ደጁ ብቆም እናቱ የደኸዩ ይመስለዋል።"

ካልሲው እስኪደርቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ መሸ። ማለዳ ፋኦል ከጓደኛው ያረጀ ሸራ ጫማ ተውሶ አመጣለት፤ ያኔ ቀጥታ ወደ አውሮፕላኑ ነበር።

እውነቱን ሊናገር ነበር የመጣው። እትዬ ምንዳዬ ግን ቤታቸው አልጠበቁትም፤ መቱ መናኸሪያ ድረስ ወጥተው ቆመዋል። ሻንጣው ገና ከመኪናው ጣሪያ አልወረደም።

"አየኸው?" አሉት።

"አየሁት" አለ።

"ከስቷል?"

"አልከሳም።"

መሬቱን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ እኔ ነኝ ደግፌ ያነሳኋቸው። እኔም አምኜ ነበር። ከዚያ በኋላ ፋሲካ በመጣ ቁጥር ያንኑ ይጠይቁታል፤ እሱም አንዴ ጢም አሳድጓል፣ አንዴ ሥራው የሌሊት ነው እያለ ጨመረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከመቱ አንድ ፓስተር ወደ ቪየና ሊሄዱ ነበር፤ ለሁንዴሳ መልእክት ካለ ልውሰድ ብለው ጠየቁ። እትዬ ምንዳዬ አመስግነው መለሷቸው። ልጄ ደህና ነው፣ ደቅሲሳ በዓይኑ አይቶታል፣ አይድከሙ አሉ።

ይህንን ሁሉ የነገረኝ ባለፈው ክረምት፣ ሕመሙ ጠንቶበት ወደ ጅማ ከመሄዱ በፊት እኔ ቤት ተኝቶ ነው። ፓስተሩ ላይ ሲደርስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ፋኦል በኋላ ሄጄ ልጠይቅልዎት ብሎት እንደነበር፣ እሱ ግን መልሱን ፈርቶ እሺ ሳይለው መደወል እንደተወ ነገረኝ። ልጁ በሕይወት ባይኖርስ? ያንን ለማን ይናገራል? ድኜ ስነሳ ራሴ እነግራቸዋለሁ፣ አንቺ እንዳትናገሪ አለኝ። ቃል ገባሁለት።

የቀብሩ ዕለት ያቺን አንድ ገጽ ቄሱ አነበቧት። ማታ ድንኳን ውስጥ እትዬ ምንዳዬ ነጠላቸውን አገልድመው አጠገቤ ተቀመጡ።

"ኢንተለኮ፣ ልጄ፣ አንድ ነገር ዘለልሽብኝ" አሉ።

"ሐዘኑ ነው፤ ረስቼው ነው፣ እትዬ።"

"አልቀየምኩም። ለአርባው የሚታተመው መታሰቢያ ላይ ይግባልኝ።" እጃቸውን እጄ ላይ አኖሩ። "ልጄን ያየ ዓይን እሱ ብቻ ነበር፤ እሱም ተከደነ።"

እጃቸውን ይዤ ተቀመጥኩ። ሰው እየገባና እየወጣ ነበር፤ እሳቸው ናቸው የሚያጽናኑኝ።

ልጽፍላቸው ሦስት ጊዜ ቁጭ ብያለሁ። ብጽፈው የወንድሜን ውሸት በፎቶው ሥር አትሜ ለአገር ሁሉ ማደሌ ነው። ብተወው ለምን እንደተውኩት ይጠይቁኛል፤ ያኔ ዓይናቸውን እያየሁ መዋሸት አልችልም። እሱ እንዴት እንደቻለ አላውቅም።

አርባው የፊታችን እሑድ ነው። ለእትዬ ምንዳዬ አልነገርኳቸውም። ሁንዴሳንም እስካሁን ሄዶ የጠየቀው ሰው የለም።