«ቀጥቃጩ ይሁን» ያላልሁበት ቀን

ባለፈው ሰሞን ደባርቅ፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ተቀምጬ የዳባት መኪና እስኪሞላ እጠብቅ ነበር። ከጎኔ አራት ወጣቶች አንድ መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ጥለው ይጨቃጨቃሉ። በድሮ ዘመን የሞተ የአንድ ሹም አሟሟት የሚመረመርበት ልብ ወለድ ነው። አንዱ «ሰስፔንሱ አሪፍ ነው» ይላል፤ ሌላው ረዘመብኝ ይላል፤ አንዲት ልጅ ግን ገዳይ የተባለው ሰው ገዳይ መሆኑን አላምንም ብላ ድርቅ አለች።

«ኧረ በናትሽ! ሁላችንም ተስማምተናል እኮ፤ አንቺ ብቻ ምን ቤት ነሽ?» አላት ጸጉሩን ያንጨባረረው ልጅ።

ይቺን አነጋገር አውቃታለሁ። እኔም ተብያለሁ፤ ያውም በዝናብ።

እኔ ፊደል የቆጠርሁት ጢም ካበቀልሁ በኋላ ነው። ይህን ስናገር የሚያዝንልኝ ሰው አይጠፋም፤ ሐዘኑን ለራሱ ያድርገው። አባቴ ለበሬው የሚያስበውን ያህል ለእኔ አላሰበም፤ ይኸው ነው። ከአምባራስ በታች ካለው መንደራችን ወጥቼ ዳባት እህል ተራ ጆንያ ስሸከም ነው መሠረተ ትምህርት የደረሰልኝ። ከዚያ በፊት ወረቀት ማለት ሌላ ሰው አንብቦ «እዚህ ላይ አውራ ጣትህን አሳርፍ» የሚለኝበት ነገር ነበር። ምን ይላል ብዬ ስጠይቅ «የሚጠቅምህ ነው» ይሉኛል። የጠቀመኝን አንድም አላስታውስም።

ማንበብ ስችል ደግሞ የሚነበብ አጣሁ። የተከራየኋት ክፍል ግድግዳ በጋዜጣ የተለጠፈ ነበር፤ እሱን ከወለል እስከ ጣሪያ ጨረስሁት። ከዚያ ነው እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከአንድ ባሕር ዛፍ ሥር እየተሰበሰቡ መጽሐፍ የሚለዋወጡ ተማሪዎች ያገኘሁት። መጻሕፍቱን የሚያስቀምጠው ዘውዱ የሚባል የቄስ ልጅ ነው። ከሁሉም ምላሷ የሚፈጥነው የቤት አከራዬ ልጅ የሺ ናት። በዕድሜ ስለምበልጣቸው «አያ ሙሉ» ይሉኛል፤ በንባብ ግን እኔ የሁሉም ታናሽ ነበርሁ።

በዚያ ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ከአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሽፋኑ የተገነጠለ ልብ ወለድ አገኙ። ዘመኑ የመሳፍንት ነው። የአንድ ደብር ዕቃ ቤት ጠባቂ ሞቶ ይገኛል፤ የብር መስቀሉም የለም። የሚጠረጠሩት የአገሩ ገዥ ወንድም፣ አንድ ደብተራ፣ ከደብሩም ግርጌ የሚኖር ቤተ እስራኤል ቀጥቃጭ ናቸው። ገዳዩን የሚነግሩት የመጨረሻዎቹ ገጾች ግን ተቀድደዋል፤ ሾፌሩ ትንባሆ ጠቅልሎባቸዋል ይባል ነበር። እኔ ጣቴን ከመስመሩ ሳላነሣ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስሁ፣ የሌላ ሰው ተራ ጭምር በልቼ አነበብሁት።

እሑድ ስንገናኝ ሙግቱ ተጀመረ። አንዱ ልጅ «ገዳዩ የገዥው ወንድም ነው» አለ። «ደብተራው ነው» አለች የሺ፤ «ቅኔ እያለ ሰው የሚያስተኛ፣ ጨርሶ ከማስተኛት የሚመለስ ይመስላችኋል?» ዘውዱ ደግሞ «የዕቃ ቤቱን መቆለፊያ ያለ ቁልፍ የሚከፍት ከቀጥቃጭ ሌላ ማን አለ?» አለ። አንደኛው መጽሐፉን ራሱን ጠላው። «ሰው ሲሞት አንድ ገጽ፣ ጉም ሲወርድ አምስት ገጽ! ጉም ከፈለግሁ ደጄን ከፍቼ አላይም?»

ነገሩ አልበርድ ሲል ዘውዱ «እንግዲያው አውጫጭኝ እንቀመጥ!» አለ። ሁሉም አጨበጨበ።

ለማታውቁት፣ አውጫጭኝ ማለት ሌባ ወይም ነፍሰ ገዳይ ሳይታወቅ ሲቀር አገሩ በሙሉ ሜዳ ላይ የሚቀመጥበት ሥርዓት ነው። ጥፋተኛው እስኪገኝ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። ያየና የሰማ ይምላል፤ ፊት ለፊት መናገር የፈራ በሽማግሌ ጆሮ ሹክ ይላል። የተናጋሪው ስም አይነሣም፤ «ወፍ ነገረችኝ» ይባላል።

ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ዘውዱ ዳኛ ሆነና ደነገገ፦ አንድ ቃል እስክንሆን የሚነሣ የለም፤ ክቡን የሚያፈርስ ከእንግዲህ መጽሐፍ አያገኝም። ለእነሱ ጨዋታ ነበር። እነሱ ትምህርት ቤት አላቸው። እኔ ከዚያ ክብ ከወጣሁ ከግድግዳዬ በቀር የማነበው የለኝም።

የየሺ እናት የላኩት ቅቅል ድንች በአዋዜ መሐላችን ነበር። እሱ እስኪያልቅ ሁሉም በሐሳቡ የጸና ጀግና ነው። ድንቹ አለቀ። ከደባርቅ በኩል ሰማዩ ጠቆረ፣ ነፋሱ ባሕር ዛፉን ያጎነብሰው ጀመር፣ የመጀመሪያው ነጠብጣብ ወረደ። የገዥውን ወንድም ሲከስ የነበረው ልጅ «እሺ፣ ቀጥቃጩ ይሁን» ብሎ ደብተሩን አናቱ ላይ ደፋ። የሺ ነጠላዋን ተከናንባ «ቀሚሴ ዛሬ የታጠበ ነው። ደብተራዬን ምሬዋለሁ፤ ቀጥቃጩ ይሁን» አለች። ተሣሣቁ።

እኔ አልሣቅሁም። ልጅ ሳለሁ በመንደራችን በሬ ጠፍቶ አውጫጭኝ ተቀምጦ ነበር። ወሩ ኅዳር ነው፣ ገብሱ ደርሷል። መጀመሪያ ሰዉ ሁሉ አላየሁም አልሰማሁም ሲል ከረመ። ገብሱ መርገፍ ሲጀምር ግን ወፎቹ መጡ፤ ሁሉም የአንድ ሰው ስም ይዘው። ለአገሩ ማረሻ የሚሠራው ቤተ እስራኤል ቀጥቃጭ ነበር። ርስት የለው፣ የሚምልለት ዘመድ የለው። ወናፉንና መዶሻውን ለካሣ ወሰዱበት፤ ልጆቹን ይዞ ወደ ቆላ ወረደ። ሰርቆ እንደሆነ እኔ አላውቅም። የማሉበትም አያውቁም። አባቴ ግን በማግስቱ ማጭዱን ይዞ ሲወጣ ያፏጭ ነበር።

«አያ ሙሉ፣ አንተ ብቻ ቀረህ፤ በል እንጂ!» አለኝ ዘውዱ።

«አልልም።»

«እሺ ማን ነው?»

«አላውቅም። እናንተም አታውቁም። የፈረደበት ዝናቡ ነው።»

«ኧረ አያ ሙሉ፣ የወረቀት ሰው እኮ ነው!» አለች የሺ።

«ለወረቀቱ ሰው ያልታገሣችሁ ለሥጋ ለባሹ ልትታገሡ ነው?»

ዘውዱ ፊቱ ቀላ። «ሁላችንም ተስማምተን አንተ ምን ቤት ነህ? ፊደል የቆጠርኸው ገና አምና!»

«አዎ፣ አምና ነው» አልሁት። «ሌላው በጨረሰው ነገር ላይ ጣት ማሳረፍ የተውሁትም አምና ነው፤ ዛሬ መልሼ አልጀምርም።»

ዝናቡ ወረደ። እየተጯጯሁ ሮጡ። እኔ እዚያው ተቀመጥሁ፤ ውሃው በአንገቴ ገብቶ በወገቤ ወጣ። በሚቀጥለው እሑድ ስሄድ ዘውዱ መጽሐፍ ከለከለኝ። «ክቡን ያፈረስህ አንተ ነህ» አለ። ብቻዬን ክቡ ውስጥ የቀረሁት እኔ! ፊርማ ቢያስፈልግ ሁሉም ይፈርሙበት ነበር። ከዚያ በኋላ የስኳር መጠቅለያ፣ እህል ተራ የወደቀ ብጣሽ ወረቀት፣ የመድኃኒት ካርቶን፣ ፊደል ያለበትን ሁሉ አነበብሁ። አልለመንኋቸውም።

ዓመት ሳይሞላ የሺ ጎንደር ደርሳ ተመለሰች። ጆንያ ተሸክሜ ሳለሁ ከኋላዬ «አያ ሙሉ፣ ተሸነፍህ!» ስትል ሰማሁ። ያንኑ መጽሐፍ ሙሉውን ይዛ መጥታለች። ጆንያውን አወረድሁ፣ እጄን በሱሪዬ ጠረግሁ፣ የመጨረሻዎቹን ገጾች ቆሜ አነበብሁ። ገዳዩ ቀጥቃጩ ነው ይላል። መልሼ አነበብሁት። ያው ነው።

«እሺ?» አለች።

«አልገደለም።»

«ደራሲው ራሱ ጽፎት!»

«ደራሲውም ዝናብ መጥቶበት ይሆናል።»

በሣቅ ፍርስ አለች። ከዚያ ወዲህ ከዘውዱ ተደብቃ መጽሐፍ ታውሰኝ ጀመር። አምናኝ አይደለም፤ እስከ ዛሬ ስንገናኝ «ቀጥቃጩ ነው፣ አትድረቅ» ትለኛለች። እኔም እደርቃለሁ። ቀጥቃጮቹ ከዚህ አገር ከወጡ ቆዩ፤ ማረሻ አሁን ከሱቅ ይገዛል። ይቅርታ የሚጠይቃቸው ሳይኖር ሄዱ። እኛ ደግሞ ርስትም ዘመድም የሌለው ሌላ ሰው መፈለጉን አልተውንም።

ሻይ ቤት ያለችው ልጅ እያየኋት መሆኑን አይታ «አባባ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አለችኝ። መጽሐፉን አላነበብሁትም፤ ልክ ትሁን ስሕተት አላውቅም። ልክ ነሽ አላልኋትም።

«ካላመንሽ እሺ አትበዪ» አልኋት። «ብቻ መሆን ይበርዳል እንጂ አይገድልም።»

ጸጉሩን ያንጨባረረው ልጅ በሁለት እጁ ጭንቅላቱን ያዘ። «አባባ፣ ልትስማማልን ስትል አበላሹብን እኮ!»

እንኳንም አበላሸሁባችሁ።