እናቴ የሠራችበት ቤት ጋለሪ ሲሆን

እናቴ ጡረታ ከወጣች በኋላ ከኮተቤው ቤታችን ብዙም አትርቅም ነበር። አንድ ቅዳሜ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ያለው አንድ የድሮ ቤት የሥዕል ጋለሪ ሆኗል ሲባል ሰማሁና «እስቲ እንሂድ» አልኳት።

«የቱ ቤት?»

«የድሮው ቀበሌያችን።»

ቦርሳዋን ለማንሳት አልዘገየችም። እዚያ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት ሃያ ዓመት ገደማ ሠርታለች። ያኔ የምንኖረው እዚያው ሰፈር ስለነበር፣ እኔም ከትምህርት ቤት መልስ አጠገቧ ቁጭ ብዬ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር።

ከመገናኛ ሚኒባስ ይዘን ደረስን። ግድግዳው ነጭ ተቀብቷል፤ የእንጨት ደረጃውና ሰፊው በረንዳ ግን እንደ ድሮው ናቸው። አስጎብኚዋ ወጣት ናት። ቤቱን አንድ ባላባት እንዳሠሩት፣ በኋላ ተወርሶ ለብዙ ዘመን ቢሮ ሆኖ እንደቆየ፣ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ ሠዓሊዎች ተሰባስበው አድሰው ለሕዝብ እንደከፈቱት ነገረችንና ወደ ትልቁ አዳራሽ አስገባችን። ልክ የእናቴ ጠረጴዛ የነበረበት ቦታ ላይ ግድግዳውን የሞላ ቀይ ሥዕል ተሰቅሏል። እናቴ ፊቱ ቆማ «እኔ እኮ እዚህ ነበርኩ» አለች፤ ለራሷ ነበር ያለችው።

አስጎብኚዋ ግን ሰማቻት። «እዚህ ይሠሩ ነበር እንዴ? እባክዎ ይንገሩን።»

እናቴ መጀመሪያ አፈር አለች፤ ከዚያ ጀመረች። የመታወቂያ ሰልፉ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ፣ የስኳር ኩፖን በየትኛው መስኮት እንደሚታደል፣ ክረምት ላይ ጣሪያው ሲያፈስ በአንድ እጇ ዣንጥላ ይዛ በሌላው ትጽፍ እንደነበር። አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ጎብኚዎች ሥዕሉን ትተው እሷን ከበቧት።

ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ትክ ብለው አይተዋት፣ «መታወቂያ ከልክለው የመለሱኝ እርስዎ አይደሉም?» አሏት።

እኔ ደነገጥኩ። እናቴ ግን መነጽሯን አስተካክላ አየቻቸው። «ፎቶዎ ላይ ጆሮዎ አይታይም ነበር ይሆናላ።»

«ሦስት ጊዜ ነው የመለሱኝ።»

«መመሪያው ነዋ።»

ሽማግሌው ሳቃቸው መጣ። ወደሚቀጥለው ክፍል ስናልፍ አንገቷ የረዘመ፣ ጆሮ የሚባል ነገር የሌላት ሴት ሥዕል አጋጠመን። ሽማግሌው በከዘራቸው እያመለከቱ «ይቺንስ ይመልሷታል?» ሲሉ እናቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ስንወጣ አስጎብኚዋ በሩ ድረስ ሸኘችን። «ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ይህንኑ ለጎብኚዎች ቢነግሩልንስ?» አለቻት።

እናቴ «አስብበታለሁ» ብላ ተለየቻት። ታክሲ ውስጥ ገና በቅጡ ሳንቀመጥ ግን «ያ ሰማያዊ ቀሚሴ ላውንደሪ ይፈልጋል» አለችኝ።

አሁን ቅዳሜ እናቴን ቤት ማግኘት አይቻልም። ተማሪዎች በአውቶቡስ ሲመጡ በረንዳው ላይ ቆማ ትቀበላቸዋለች፤ ምሳዋንም ከሠዓሊዎቹ ጋር ነው የምትበላው። ባለፈው ሳምንት ስደውልላት «ሰው ይዣለሁ፣ በኋላ ደውዪ» ብላ ዘጋችብኝ።