ድልድዩን ተቀምጦ የያዘው ሰው

የአምባሰሉ ሀሚዱ «የካበው ካብ ፍየል ካስነጠሰች ይናዳል» እየተባለ ይታማል። ሐሜተኛ ዋሸ እንዳልል፣ የገዛ በረቱ ግድግዳ ሦስት ጊዜ ሲወድቅ አገር አይቷል። ታዲያ ወንዙ ላይ ተንጠልጣይ ድልድይ ሲሠራ፣ ለሱ የደረሰው ሥራ ጉድጓድ ውስጥ ድንጋይ መደርደር ሆኖ አረፈው!

የብረት ገመዱ በሐይቅ በኩል በመኪና መጣ። ከመንገዱ እስከ ገደሉ ግን ያወረደው የሰው ትከሻ ነው። መቶ ሰው ተሰልፎ አንድ ገመድ ሲሸከም መሃል ላይ ልውጣ ማለት የለም፤ በድንበር የተኳረፉ ጎረቤታሞች እንኳ ፊትና ኋላ ሆነው ወረዱ። ገመዱ ወዲህና ወዲያ በቆሙት ምሰሶዎች አናት አልፎ ተወጠረ። ከሱ ቀጫጭን ብረቶች ቁልቁል ተንጠለጠሉ፤ በነሱ ላይ መረማመጃው ተነጠፈ።

«ሁሉን የሚይዘው ምሰሶው ነው አይደል?» አለ ሀሚዱ ባለሙያውን።

«ምሰሶውማ ከፍ አድርጎ ይደግፋል እንጂ። የገመዱ ጫፍ የታሰረው እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ወደ ወንዙ እንዳይሄድ የሚይዘው እርስዎ የሞሉት ድንጋይ ነው፣ አባ ሀሚዱ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ሀሚዱን እህል አልወርድ አለው።

ባለሙያው መርምሮ «ተሻገሩ» ቢልም የደፈረ አልነበረም። በሐምሌ ወንዙ ሞልቶ ሳለ፣ ማዶ የተዳረችው የሀሚዱ ልጅ ሂንድ ረፋድ ላይ ምጥ ያዛት። ጤና ጣቢያው ወዲህ ነው። አራት ጎረምሶች በቃሬዛ ይዘዋት ድልድዩ ላይ ወጡ።

ሀሚዱ ልጁን ሊቀበል አልሮጠም። ድንጋይ የሞላበት ጉድጓድ ላይ ሄዶ ዘፍ አለ።

«አንተ ሰውዬ! ልጅህ በምጥ ተይዛ ቁጭ ትላለህ?» ብላ ሚስቱ መስኡዳ ጮኸችበት።

«ዝም በይ! ክብደት እየጨመርኩ ነው!»

መስኡዳ ድልድዩን አየች፤ ካቡን የካበውን ሰው አየች።

«አንተ ላይ ደግሞ ምን ክብደት አለና! ጠጋ በል» አለችና አጠገቡ ዱብ አለች።

ድልድዩ ተወዛወዘ፤ ብረቱ ሲጢጥ አለ። ሀሚዱ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያውቀውን ዱዓ ሁሉ አነበነበ። ሲገልጥ ቃሬዛው ወዲህ ደርሷል። መስኡዳ ተነስታ ተከተለች።

የቀትሩ የዙሁር ሶላት ሳይደርስ እልል እያለች ተመለሰች።

«ሴት ልጅ! እናትየውም ደህና ናት!»

«አልሀምዱሊላህ!» አለ ሀሚዱ፣ እንባው እየወረደ። ከዚያ ወደ ድልድዩ ሰረቅ አድርጎ አየ። «ማዶ የቀረ ሰው የለም? ልነሳ?»